የማረጥ ዕድሜ የሆርሞን ደም ምርመራ፦ ለማን ያስፈልጋል፣ እንዴት ይሠራል፣ ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

አንድ ጠዋት የሃምሳ አራት ዓመት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደም መቅጃው ወንበር ላይ ተቀመጡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው በቴሌግራም የላከችላቸው ዝርዝር ነው፤ ዘጠኝ ዓይነት የሆርሞን ምርመራ ተጽፎበታል።

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሥሪልኝ።»

«ሐኪም አይቶዎት ነው እናቴ?»

«ኧረ የለም። ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት ያነደኛል፣ አንሶላው በላብ ይርሳል ብያት እሷ ናት የላከችው።»

«የወር አበባዎስ?»

«እሱማ ካቻምና ለጥምቀት እንደመጣ በዚያው ቀረ።»

የጠየቁት ነገር በዚያች መልስ ውስጥ ተመልሶ ነበር። በሃምሳ አራት ዓመት፣ የወር አበባ ከቀረ ዓመት ካለፈው፣ ማረጥ ማለት ይኸው ነው፤ ለማረጋገጥ ደም መቅዳት አያስፈልግም። ለዘጠኙ ምርመራ የሚከፍሉት ገንዘብ ደግሞ ለእሳቸው የወር አስቤዛ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደ እሳቸው ላሉ እናቶች ነው፤ ምርመራው የግድ እያስፈለጋቸው «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ተብለው ለሚመለሱ ሴቶችም ጭምር።

ምርመራው የሚለካው ምንድን ነው?

ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ኤፍኤስኤች የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። መልእክቱ የሚሄደው የሴት እንቁላል ወደሚያድግበት ወደ ኦቫሪ ነው። ኦቫሪ መልእክቱ ሲደርሰው እንቁላል ያሳድጋል፣ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞንም ያመነጫል፤ ኢስትሮጅኑ በደም ተመልሶ አንጎል ዘንድ ሲደርስ ፒቱታሪ ረገብ ትላለች። ጎረቤቷን «ቡና ጠጡ!» እያለች እንደምትጣራ ሴት ነው። «መጣሁ» የሚል ድምፅ ከሰማች ታቆማለች፤ መልስ ካጣች ግን ድምፅዋን ከፍ እያደረገች ትጣራለች። ኦቫሪ እየደከመ ሲሄድ መልሱ ያንሳል፣ ጥሪውም ይበረታል። ኤፍኤስኤች ከፍ አለ የሚባለው ያኔ ነው።

ነገር ግን ኦቫሪ በአንድ ቀን ሥራ አያቆምም። የወር አበባ ሙሉ ለሙሉ ከመቅረቱ በፊት ባሉት ዓመታት አንዱን ወር ይመልሳል፣ ሌላውን ወር ዝም ይላል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ኤፍኤስኤች ዛሬ 45 ሆኖ በሚቀጥለው ወር 9 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ውጤት ትክክል ነው። የአንድ ቀን ደም የሚናገረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳች ሴት 9 የሚለውን አይታ «ገና ነኝ» ብላ ትረጋጋለች፣ ወይም 45 የሚለውን አይታ መከላከያዋን ትተዋለች፤ ከዚያ በአርባ ስድስት ዓመቷ ታረግዛለች።

አንደኛ፦ ምርመራው ለእርስዎ ያስፈልግ እንደሆነ ይለዩ

ዕድሜዎ ከ45 በላይ ከሆነ፣ የወር አበባዎ መዛባት ከጀመረ ወይም 12 ወር ሙሉ ከቀረ፣ ትኩሳቱና ላቡም ካለ፣ የሆርሞን ምርመራ አያስፈልግዎትም። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ነው ያለው፦ ከ45 በላይ ለሆነች ጤነኛ ሴት የማረጥ ማረጋገጫ ዕድሜዋና ምልክቷ ነው። ምርመራው ምንም አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ከላይ እንዳልኩት እንዲያውም ሊያሳስት ይችላል።

ከ40 እስከ 45 ባለው ዕድሜ የወር አበባው ከተዛባና ምልክቱ ከታየ ሐኪሙ ኤፍኤስኤች ሊያዝ ይችላል። ማረጥ በዚህ ዕድሜ ከመጣ ከተለመደው ቀደም ያለ ነውና መታወቁ ጥቅም አለው።

ከ40 ዓመት በታች ሆነው የወር አበባዎ ለወራት ከቀረብዎት ግን ምርመራው የግድ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። «ጭንቀት ነው»፣ «ሥራ በዝቶብሽ ነው»፣ «ቆይ ይመጣል» ተብለው ተመልሰው ሁለት ዓመት ከሦስት ዓመት የቆዩ ወጣት ሴቶች አይቻለሁ። ኦቫሪ ከ40 በፊት ሥራውን ካቋረጠ ጉዳዩ የመውለድ ብቻ አይደለም። አጥንትና ልብ ኢስትሮጅን የሚያገኙበት ጊዜ በብዙ ዓመት ያጥራል፤ በዚህም የተነሳ እነዚህ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ሕክምና እስከ ተፈጥሮአዊው የማረጥ ዕድሜ፣ እስከ 50 እና 51 ገደማ ድረስ እንዲወስዱ ይመከራል። በዚህ ዕድሜ ምርመራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢሠራ ውሳኔው ይጠነክራል።

ሌላው ቡድን ወሩን መቁጠር የማይችለው ነው። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ኦቫሪዋ የቀረላት ሴት የወር አበባ ስለሌላት 12 ወር የምትቆጥርበት ነገር የላትም። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ወይም ክንዷ ላይ የተቀበረ መከላከያ ያላት ሴትም እንዲሁ ናት፤ መርፌው ራሱ ደሙን ያቆመዋልና «አርጫለሁ ወይስ መርፌው ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ዕድሜዋ ከ50 ካለፈ ሐኪሙ ኤፍኤስኤች ሊያዝላት ይችላል፤ ደሙ ቢቀዳ የሚሻለው የሚቀጥለው መርፌ ሊወጋ ሲል ነው። በየቀኑ የሚዋጠውን፣ ሁለት ሆርሞን ያለበትን ክኒን የምትወስድ ሴት ግን ክኒኑን እየወሰደች ብትመረመር ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ ክኒኑ ኤፍኤስኤችን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል።

ሁለተኛ፦ ደብተር ይያዙ

ከየትኛውም ላብራቶሪ በፊት ሐኪሙን የሚረዳው ነገር በእጅዎ ያለ ነው። ተራ ደብተር ይበቃል። ሦስት ወር ያህል፦ ደም የመጣበትን ቀን፣ የቆመበትን ቀን፣ ብዛቱን (በቀን ስንት ሞዴስ እንደተቀየረ)፣ ትኩሳቱ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ እንቅልፉን፣ የልብ ምቱን ይጻፉ።

ብዙዎቻችን ቀን የምንይዘው በበዓል ነው። «ለመስቀል መጣ፣ ለገና ቀረ፣ ለፋሲካ ትንሽ ታየኝ» ያለችኝ ሴት ፍጹም የሆነ ታሪክ ነው የሰጠችኝ፤ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ወደ ቀን ይመልሰዋል። የሚያስቸግረው የዘመን አቆጣጠር ሲደባለቅ ነው። የላብራቶሪው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ነው፤ እርስዎ የሚናገሩት በሐበሻ ቀን ነው። «በ3 ቀን 5ኛው ወር» ብለው ቢናገሩ ጥር 3 ይሁን ሜይ 3 አይታወቅም። ስለዚህ የወሩን ስም ይጥሩ፦ ጥር 3 ወይም ሜይ 3። ጳጉሜንንም መቁጠር አይርሱ።

ዕድሜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መታወቂያ ላይ የተጻፈው ዓመትና እውነተኛው ዕድሜ የሚለያይባቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም። እዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ 39 እና 46 በጣም የተለያየ መንገድ ነው የሚያስኬዱት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው የተወለድኩት የምትል ሴትና በአብዮቱ ዓመት በ1966 የተወለደች ሴት መካከል ያለው አሥራ አንድ ዓመት የምርመራውን ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። መታወቂያዎ ስሕተት ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ምሥጢር ጠባቂ ነው።

ሦስተኛ፦ ማረጥ የሚመስሉትን መጀመሪያ ያስወግዱ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም የራሴን ታላቅ እህት ነክቷታል። አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሌሊት በላብ ትጠመቅ ጀመር። የሄደችበት ክሊኒክ «የዕድሜ ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሳት። እኔም፣ ሥራዬ ይህ ሆኖ ሳለ፣ አመንኩ። አራት ወር ቆይታ ቀሚሷ ሲሰፋትና ሳሉ አልለቅ ሲላት ነው የደነገጥነው። አክታዋ ሲመረመር ቲቢ ነበር። ስድስት ወር መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ሌሊት ያልበኛል» ለሚለኝ ሰው ሁሉ ሳሉንና ክብደቱን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ስለዚህ ላቡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሳል፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከምግብ ፍላጎት መጥፋት ጋር ከመጣ፣ ሆርሞኑን ይተዉትና ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ይመርመሩ። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። የኤችአይቪ ምርመራም በዚያው ይደረግ፤ በሃምሳ ዓመትም ቢሆን።

የታይሮይድ ዕጢ ሌላው ማረጥ መሳይ ነው። ዕጢው ሲፈጥን ሙቀት፣ ላብ፣ የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሲዘገይ ድካም፣ ውፍረት፣ የፀጉር መርገፍና የስሜት መጥፋት ያመጣል፤ የወር አበባን ደግሞ በሁለቱም መንገድ ያዛባል። እንቅርት በአገራችን የቆየ ችግር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንገትዎ ላይ እብጠት ባይታይም ቲኤስኤች የሚባለውን አንድ ምርመራ ማሠራት ብልህነት ነው። ከዘጠኝ የሆርሞን ዝርዝር አንድ ብቻ ምረጪ ብባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

እርግዝናንም አይርሱ። በአርባዎቹ ውስጥ ደም ሲቀር ሁሉም ሰው «ማረጥ ነው» ይላል፤ የሽንት የእርግዝና ምርመራ ግን ርካሽ ነው፣ በአሥር ደቂቃም ይታወቃል። ከሌሎቹ ሁሉ መቅደም አለበት።

ደም በብዛት የሚፈሳት ሴት የደም ማነስ ምርመራ ያስፈልጋታል። «ሊቀር ሲል እንዲህ ነው» ተብሎ በየወሩ የሚፈሰው ደም ሰውን ቀስ በቀስ ያደክማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት የደም ክፍል) ከቆላ ሰው ከፍ ይላል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «በድንበሩ ላይ ነው» የተባለ ሄሞግሎቢን እዚህ ከተማ ለምትኖር ሴት ትንሽ ያነሰ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ ማስታወስ አይከፋም።

አራተኛ፦ የት ይሂዱ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ የሚጀምሩት በቀበሌዎ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። ሪፈሩን ዘለው ሆስፒታል ቢሄዱ መድኅኑ ላይሸፍንልዎት ይችላል። በመሀል ከተማ የሴቶች ሕክምና ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያና ጥቁር አንበሳ ናቸው። ጋንዲና ዘውዲቱ ከስታዲየምና ከመስቀል አደባባይ ብዙም አይርቁም፤ በባቡር የሚመጣ ሰው ስታዲየም ወርዶ በእግሩ ሊደርስ ይችላል። ከ40 በታች ሆነው የቀረባቸው ሴቶች ደግሞ ከማኅፀን ሐኪም በተጨማሪ የሆርሞን ስፔሻሊስት ቢያያቸው መልካም ነው።

በመንግሥት ተቋም የሆርሞን መመርመሪያ ኬሚካል አንዳንዴ ያልቃል፤ «ውጭ አሠሪ» ይባላሉ። ያኔ የግል ላብራቶሪ ሲመርጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ምርመራው እዚያው ነው የሚሠራው ወይስ ወደ ሌላ ይላካል? የእያንዳንዱ ዋጋ ለየብቻ ስንት ነው? (ጥቅል ዋጋ ውስጥ የማያስፈልግዎ ብዙ ነገር ይገባል።) አክሬዲቴሽን አለው ወይ? የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ላብራቶሪዎችን አይሶ 15189 በሚባለው መስፈርት ይመዝናል፤ የምስክር ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የትኞቹን ምርመራዎች እንደሚመለከት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ላብራቶሪ ለስኳር ተመዝኖ ለሆርሞን ላይመዘን ይችላል። ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ቤት ስለተነሣ የድሮውን አድራሻ አምነው አይውጡ፤ መጀመሪያ ይደውሉ።

አምስተኛ፦ የሚታዘዘው የትኛው ነው?

ምርመራው ለሚያስፈልጋት ሴት ዋናው ኤፍኤስኤች ነው፤ ኢስትራዲዮል (ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት) ብዙ ጊዜ አብሮት ይታዘዛል። ቲኤስኤች፣ የደም ማነስ ምርመራና ስኳር ቢጨመሩ ተገቢ ነው። ከ40 በታች ከሆኑ የጡት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ፕሮላክቲንም ይታያል፤ እሱ ከፍ ሲል የወር አበባን ያስቀራልና።

ኤልኤች፣ ፕሮጄስትሮን፣ ቴስቶስትሮንና ኤኤምኤች የተባሉት ሌሎች ሆርሞኖች ማረጥን ለማረጋገጥ አያስፈልጉም። ኤኤምኤች በተለይ «የቀረሽን እንቁላል ይቆጥራል» እየተባለ ይሸጣል፤ በመካንነት ሕክምና ቦታ አለው፣ በአርባ ስምንት ዓመት ትኩሳት ላስቸገራት ሴት ግን የሚመልስላት ጥያቄ የለም። ፋርማሲ የሚሸጠው የሽንት መመርመሪያም ያንኑ ኤፍኤስኤች ነው የሚያየው፣ ድክመቱም ያው ነው።

ስድስተኛ፦ ዝግጅት

ቀኑ፦ የወር አበባዎ አሁንም የሚመጣ ከሆነ ደም የሚቀዳው ከመጣ በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚባለው ደሙ በደንብ የወረደበት እንጂ ጠብታ የታየበት አይደለም። በወሩ አጋማሽ ኤፍኤስኤች በተፈጥሮው ብድግ ስለሚል ያን ጊዜ የተቀዳ ደም ያሳስታል። ከቀረ ቆይቶ ከሆነ የትኛውም ቀን ይሆናል።

ሆድ፦ ለሆርሞኖቹ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። ስኳርና የደም ቅባት ከተጨመረ ግን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምግብ አለመብላት ያስፈልጋል። «ጾመኛ ነኝ» ብለው ሽሮና ሻይ ቀምሰው የሚመጡ እናቶች አሉ፤ እኛ የምንለው ጾም ከፍስክ መከልከል አይደለም፣ ሆድ ባዶ መሆን ነው። ማታ 2 ሰዓት እራት በልተው ጠዋት 2 ሰዓት ቢመጡ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ። ውኃ ይጠጡ፤ ውኃ የጠጣ ሰው ደም ሥሩ ቶሎ ይገኛል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ ከሆነ ማታ አብዝተው ይጠጡና በማለዳ ይምጡ።

ባዮቲን፦ ይህንን ከመቶ አንድ ሰው አይጠይቅዎትም፣ ስለዚህ ራስዎ ይናገሩ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አሁን በየመዋቢያ ሱቁ ሞልቷል፤ ከውጭም ዘመድ ይልከዋል። በብዙ የሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች ውስጥ ያለው ኬሚካል ራሱ ባዮቲን ስላለበት፣ በደም ውስጥ የተትረፈረፈው ባዮቲን ሥራውን ያበላሸዋል። ቲኤስኤችንና ኤፍኤስኤችን ከእውነቱ ዝቅ፣ ኢስትራዲዮልን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም የሚል ካለ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ያቁሙት።

የሚወስዱትን ክኒን በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ። የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ የዚያን ቀን ደም ከተቀዳ በኋላ ይዋጡት። የወሊድ መከላከያን ግን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ ለምርመራ ብለው አያቁሙ።

ሰባተኛ፦ ወንበሩ ላይ

ለሆርሞን የሚቀዳው ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፤ ለደም ማነስ ሐምራዊ ክዳን ባለው። እያንዳንዱ ቱቦ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ «ደሜን ጨረሱት» የሚያሰኝ አይደለም። ላስቲኩ ከታሰረ በኋላ እጅዎን ደጋግመው አይጨብጡ። መርፌው ከወጣ በኋላ ክንድዎን ሳያጥፉ ጥጡን አምስት ደቂቃ ይጫኑ፤ ማጠፍ ነው የሚያበልዘው።

አንድ ነገር ግን ቆመው ይጠብቁ፦ ስምዎ የተጻፈበት ወረቀት እፊትዎ ቱቦው ላይ ሲለጠፍ። በአገራችን ስምና የአባት ስም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ሴቶች በአንድ ጠዋት መምጣታቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። የአያት ስም፣ ዕድሜና ስልክ ቁጥር እንዲጻፍ ያስደርጉ። ስምዎ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈም ይዩ፤ በሌላ ጊዜ በሌላ አጻጻፍ ከተመዘገቡ የድሮው ውጤትዎ አይገኝም።

ስምንተኛ፦ ወረቀቱን ማንበብ

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከቁጥሩ አጠገብ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ይኖራል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚያ ምልክት ነው። የኤፍኤስኤች መደበኛ መጠን ግን አንድ አይደለም፤ ለወሩ መጀመሪያ፣ ለእንቁላል መውጫው ቀን፣ ለወሩ መጨረሻና ካረጠች በኋላ ላለች ሴት አራት የተለያየ መስመር አለው። ኮምፒውተሩ ያመሳከረው ከወጣት ሴት መስመር ጋር ከሆነ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት 70 ብታመጣ «ከፍተኛ» ይላታል፤ ለእሷ ግን የሚጠበቀው ይኸው ነው፣ በሽታ አይደለም።

በጥቅሉ ኤፍኤስኤች ከ25 ወይም ከ30 በላይ ሆኖ ደጋግሞ ከታየ፣ ከምልክቱና ከወር አበባው መቅረት ጋር፣ ኦቫሪው እየቆመ ወይም ቆሞ ነው ማለት ነው። ኢስትራዲዮል ካረጡ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ30 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ይወርዳል። ቲኤስኤች በአብዛኛው ላብራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ መደበኛ ነው፤ ከዚህ መውጣቱ ብቻውን በሽታ አይባልም፣ ተጨማሪ ምርመራ ያስከትላል እንጂ።

መለኪያውን ሳያዩ ሁለት ወረቀት አያወዳድሩ። አንዲት ሴት ከሁለት ላብራቶሪ የኢስትራዲዮል ውጤት ይዛ «ከ25 ወደ 92 አደገልኝ» ብላ ደስ ብሏት መጣች። አንዱ በፒኮግራም፣ ሌላው በፒኮሞል ነበር የጻፈው። ፒኮግራሙ በ3.67 ሲባዛ ፒኮሞሉን ይሰጣል፤ 25 ሲባዛ 92 ነው። ምንም አልተቀየረም ነበር። ኤፍኤስኤች ላይ ይህ ችግር የለም፤ ሁለቱም አጻጻፍ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ቢሆንም የሚደገም ምርመራ ካለ እዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው ማሽን ቢሠራ ይሻላል።

ዘጠነኛ፦ ከውጤቱ በኋላ

ትኩሳቱን የሚያክም ሐኪም የሚያየው ቁጥሩን ሳይሆን እርስዎን ነው። ኤፍኤስኤች 40 ሆኖ ምንም የማይሰማት አለች፤ 28 ሆኖ እንቅልፍ ያጣች አለች። የሆርሞን ሕክምና የሚታሰበው ለሁለተኛዋ ነው፤ በተለይ ከ60 ዓመት በታች ከሆነች ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ካልሞላት። ወደ ሐኪሙ ሲገቡ ሳይጠየቁ የሚናገሩት፦ የጡት ካንሰር ታሪክ (የራስዎም የእናትና የእህትም)፣ እግር ወይም ሳንባ ላይ የደም መርጋት፣ የጉበት ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ማኅፀንዎ ያለ ወይም የወጣ መሆኑን። ማኅፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን አይሰጣትም፤ የማኅፀኑን ግድግዳ የሚጠብቅ ፕሮጄስትሮን ይጨመርላታል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ኢስትራዲዮልን በየሦስት ወሩ መለካት ለአብዛኛዋ ሴት አያስፈልግም፤ ልኩ ትኩሳቱ መቀነሱና እንቅልፍ መመለሱ ነው።

የሴት ብልት መድረቅና በግንኙነት ጊዜ ሕመም ካለ ይናገሩ። ለሴት ሐኪም መናገር የሚቀልዎት ከሆነ ካርድ ክፍል ላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ነውር አይደለም። ሕክምና ያለው ነገር ነው፣ ለምርመራውም ደም አይጠይቅም።

ምንም እንኳ ኤፍኤስኤች ከፍ ቢል፣ ዕድሜዎ ከ50 በታች ከሆነ የመጨረሻው የወር አበባ ከቀረ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ከሆነ አንድ ዓመት እስኪሞላ ድረስ መከላከያ አይተዉ። ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ በሄዱበት ቀን የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራውንም አብረው ያሠሩ።

አንድ ዓመት ሙሉ ቀርቶ የቆየ ደም ተመልሶ ከታየ፣ ጠብታ እንኳ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ «ልጅነቴ ተመለሰ» ተብሎ የሚሳቅበት አይደለም፤ የሆርሞን ምርመራም አይታዘዝበትም። በዚያው ሳምንት የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መጀመሪያ የሚሠራው አልትራሳውንድ ነው፤ የማኅፀኑ ግድግዳ ወፍሮ ከተገኘ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ደብተርዎን ይዘው ይግቡ፤ ደሙ የቀረበት የመጨረሻው ቀን የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።